የኤሌክትሪክ ኃይል ምርጫና የቡናው አገር

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይልዋን ከምን ታውጣ? ከውሃ፣ ከነፋስ፣ ከድንጋይ ከሰል፣ ከአቶም ወይስ ከጎረቤት አገር? ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ ሲነሣ የሚነገረው ስለ ሜጋዋት ብዛት ነው። እኛ ከሸኮ፣ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ የመጣን ተማሪዎች ግን ሌላ መለኪያ አለን፤ ይኸውም የቡና መፈልፈያውና የእናቶቻችን ምድጃ ነው።

ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ ዐቅሙ 43 ሜጋዋት ነበረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው። ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ መስመር ዘርግተን ሸጠናል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ከውጭ እንግዛ ወይ ብሎ መከራከር ለእኛ ትርፍ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ናፍጣውን አንርሳ! መስመሩ ባልደረሰበት ወይም በሚቆራረጥበት ቀበሌ የእሸት ቡና መፈልፈያው የሚዞረው በናፍጣ ሞተር ነው። ያ ናፍጣ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ አገሩን አቋርጦ ይመጣል። ምንዛሪውን ከሚያስገኙት አንዱ ደግሞ ይኸው ቡና ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ቦቴው ዘገየ፣ መብራቱም ጠፋ ቢባል ቡናው አይጠብቅም። እንግዲህ የውጭው ኃይል በጓሮ በር ገብቶ ከእኛ ጋር ተቀምጧል ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የድንጋይ ከሰል በደጃችሁ አለላችሁ» ይሉናል። እውነት ነው፤ በኢሉባቦር በያዩ፣ በጅማ አጠገብ በደልቢና በሞዬ፣ በዳውሮም ይገኛል። ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች መዋሉን አንቃወምም። ያዩ ግን ሌላ ነው። በከሰሉ አካባቢ ያለው የዱር ቡና የሚበቅልበት ደን ነው፤ ዩኔስኮም በ2002 ዓ.ም. ከካፋ ጋር መዝግቦታል፤ ሸካ በ2004 ዓ.ም. ተከትሏል። በራሳችን ወረዳ በሸኮ ያለው የብርሃነ ኮንትር ደንም የዚያው ዘመድ ነው። አንድ በሽታ የተከለውን ቡና ሁሉ ቢመታ ዓለም የሚቋቋም ዘር ሊፈልግ የሚመጣው ወደ እነዚህ ደኖች ነው። ከሰል ተቃጥሎ ያልቃል፤ የጠፋ የዱር ዘር ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም።

ደኑ ለግድቡም ጠባቂው ነው። ከካፋ የሚወርደው ጎጀብ ኦሞን ይቀላቀላል፤ ኦሞም 1,870 ሜጋዋት ያለውን ጊቤ 3ን ይሞላል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውሃ በማነሱ መብራት በፈረቃ መታደሉን አብዛኞቻችን እናስታውሳለን። በውሃ ብቻ መታመን እንደማይበቃ ያን ጊዜ ታየ። በአዳማ፣ በአሸጎዳና በአይሻ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች የሚረዱን በዚህ ነው፤ በበጋ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ነፋሱ ይበረታልና።

ስለ አቶም በአጭሩ እንናገር። በመስከረም 2018 ዓ.ም. መንግሥት ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርሟል። የፊዚክስ ተማሪዎች ይማሩት፣ ይዘጋጁበትም፤ እኛ አንጠላውም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጣቢያ እስኪቆም ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ሲቆምም ኃይሉ የሚያልፈው በዚያው በሽቦ ነው። ሽቦው ሸኮ ገጠር ካልደረሰ ከአቶም መጣ ከውሃ መጣ ለመፈልፈያው አንድ ነው።

ስለዚህ ምርጫችን ይህ ነው፤ ከአዲስ ማመንጫ በፊት የማከፋፈያ መስመርና ትራንስፎርመር ይቅደም። መስመር ለማይደርስበት ሸለቆ፣ በኢሉባቦር ሶር ወንዝ ላይ እንደተሠራው ያለ፣ ግን ከእርሱም ያነሰ የውሃ ማመንጫ ይሠራ፤ ዝናብ አላጣን! መብራት በገባበት ቤትም የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ ይቀነስ፤ ደኑን በየቀኑ ከሚበሉት አንዱ የማገዶው ምድጃ ነውና።

ማኅበራችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። በመጪው የቡና ለቀማ ወደየቤታችን ስንሄድ፣ በየቀበሌያችን ስንት መፈልፈያ በናፍጣ፣ ስንት በመብራት እንደሚሠራ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚቆምም መዝግበን እንድንመለስ ቅጽ ይባዛልን። ወረቀቱንና ቀለሙን እኛ እናዋጣለን።