የባሕር ፖም በ120 ሊትር ገንዳ ውስጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የባሕር በር በሌለው አገር ተቀምጦ ስለ ባሕር እንስሳ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይሆንባችሁ አይቀርም። አንድ ባልደረባዬ ማስታወቂያውን አንብቦ «የምትናገረው ስለ ፍራፍሬ ነው ወይስ ስለ ዓሣ?» ሲል ጠይቆኛል። (ሳቅ) ስለ ሁለቱም አይደለም። የምናገረው ከዛሬ 14 ዓመት በፊት በጀርመን አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ስማር በመኝታ ክፍሌ ውስጥ ስላኖርሁት፣ ቀስ በቀስም በረኃብ ስለገደልሁት አንድ እንስሳ ነው። ባዮሎጂ ተማሪ ነበርሁ፤ ይህንንም ከመጀመሪያው መናገሬ ጥፋቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

የባሕር ፖም የሚባለው እንስሳ በሳይንሳዊ መጠሪያው ሱዶኮሎኪረስ ቫዮላሲየስ ይባላል። ከባሕር ኪያር ወገን ነው፤ ስለዚህም የባሕር ኮከብና የባሕር ጃርት ዘመዶቹ ናቸው። አካሉ ክብ ወደ መሆን ያደላ፣ ቀለሙ ሐምራዊ ሲሆን፣ በአምስት ረድፍ የተሰለፉ ቢጫ ወይም ቀይ ጥቃቅን እግሮች አሉት። በአፉ ዙሪያ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንዠረገጉ ዐሥር ክንዶች ይዘረጋል። ውኃ በሚነፍስበት ድንጋይ ላይ ተጣብቆ፣ ክንዶቹን ከፍቶ፣ በዓይን የማይታይ ፕላንክተን ያጠምዳል። ከዚያ በኋላ አንዱን ክንድ አጥፎ ወደ አፉ ያስገባል፤ ያወጣዋል፤ ሌላውን ያስከትላል። ማር የነካ ጣቱን በየተራ የሚልስ ሕፃን ያየ ሰው ይህን እንስሳ አይቶታል ማለት እችላለሁ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው በሱቁ መስታወት ፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜያለሁ። ሻጩ «ጸጥተኛ ነው፤ ማንንም አይነካም» አለኝ። ይህ እውነት ነው። እንስሳው ሳይረበሽ ማንንም አይነካም።

ገንዳዬ 120 ሊትር የሚይዝ ነበር። ጥቂት ኮራል፣ ልጆች ከፊልም «ኒሞ» ብለው የሚያውቋቸው ዓይነት ሁለት ዓሦች፣ አንድ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሽሎከለክ ትንሽ ዓሣና አንዲት ሽሪምፕ ነበሩበት። የኮራል ገንዳ ያዥ ሰው ቀንና ሌሊት የሚደክመው ለአንድ ነገር ነው፤ ውኃው እንዲጠራ። በባሕር ውስጥ ኮራል ያለበት ውኃ ከምግብ ንጥረ ነገር የተራቆተ ነው፤ በገንዳ ውስጥም ናይትሬት ሲከማች አልጌ ይነሣል፣ ኮራሉም ይጎዳል። ስለዚህ ማጣሪያ እንተክላለን፤ በየሳምንቱ ውኃ እንለውጣለን፤ ስኪመር የሚባለውን፣ ጥቃቅን የአየር አረፋ እያስነሣ እድፉን ጠርጎ የሚያወጣ መሣሪያ እንገጥማለን።

የባሕር ፖም የሚፈልገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ምግቡ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ነገር ነው፤ እኔ «እድፍ» ብዬ ከማወጣው መካከል ከፊሉ ለእርሱ ማዕድ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ከጠርሙስ የሚንጠባጠብ አረንጓዴ ፕላንክተን እጨምርለት ነበር፤ ስኪመሩ ወዲያው ጠርጎ ያወጣዋል። ስኪመሩን ለሰዓታት ሳጠፋው ናይትሬቱ ያሻቅባል፣ መስታወቱም በአልጌ ይሸፈናል። ኮራሉን ባድን እርሱ ይራባል፤ እርሱን ባበላ ኮራሉ ይሞታል። በሺህ የሚቆጠር ሊትር ያለው፣ ፕላንክተን ሳያቋርጥ የሚንቆረቆርለት ትልቅ ሥርዓት ይህን ሊሸከም ይችላል። የእኔ ግን አንድ ሰው ለመታጠብ የሚበቃው ውኃ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተቴ ልምጣ። እንስሳው በየቀኑ ክንዶቹን ይዘረጋ ነበር። እኔም ይህን አይቼ «እየበላ ነው» ብዬ በማስታወሻዬ ላይ እጽፍ ነበር። ማስታወሻው ዛሬም አለ፤ ለሰባት ወራት ያህል «ክንዱን ከፍቷል፤ ደኅና ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ተደጋግሞ ይነበባል። ክንድ መዘርጋት ግን ምግብ መፈለግ እንጂ ምግብ ማግኘት አይደለም። እንዲያውም የተራበ እንስሳ ከጠገበው ይልቅ ክንዱን ዘርግቶ ሊቆይ ይችላል። ይህ እንስሳ ሲራብ አይከሳም፤ አጥንቱ አይታይም፤ የገዛ ሥጋውን እየበላ መልኩን ሳይለውጥ ያንሳል። በየወሩ ከማስመሪያ ጎን ፎቶ አነሣው ነበርና ቁጥሩ በእጄ ነበር፤ ሲገባ 14 ሴንቲ ሜትር፣ በሰባተኛው ወር 8 ሴንቲ ሜትር። ቁጥሩን ጽፌዋለሁ፤ አንብቤው ግን አላውቅም። ይህ እንስሳ ውኃ ስቦ እስከ እጥፍ ሊነፋ ስለሚችል ልዩነቱን በዚያ አሳብቤ አልፌዋለሁ።

በሰባተኛው ወር መጨረሻ፣ በአንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ ምግብ ፍለጋ ይመስለኛል፣ ከድንጋዩ ለቅቆ ተንቀሳቀሰና የፓምፑ መምጠጫ ያዘው። ለፓምፑ የወንፊት ክዳን ገጥሜለት ነበር፤ ግን ሲገባ የነበረውን መጠን አስቤ የገጠምሁት ነበር። ያነሰው አካሉ በጎን በኩል ሾልኮ ገባ። የባሕር ኪያር ወገን ሲጎዳ ወይም ሲደነግጥ የውስጥ አካሉን ይተፋል፤ ሆሎቱሪን የሚባሉ መርዞችንም ወደ ውኃው ይለቅቃል። ጠዋት ስነሣ ሦስቱም ዓሦች ሞተው ነበር። ሽሪምፗ ግን በድንጋዩ ላይ ሆና እንደ ወትሮዋ እግሯን ታጸዳ ነበር።

በዚያ ሳምንት እቴቴ የምንላቸው አክስቴ እኔን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ መጥተው እኔ ዘንድ ዐርፈው ነበር። ስኪመሩ ነጭ አረፋ ገንፍሎበት አረፋው በወለሉ ላይ ሲፈስስ አዩና «ምነው ልጄ፣ እንዶድ ጨመርህበት እንዴ?» አሉኝ። በዚያ ሰዓት መልስ አልሰጠኋቸውም፤ ውኃ በባልዲ እየቀዳሁ ነበር። ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። እቴቴ ያደጉት ገጠር ነው፤ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ወንዝ ወርደው አጥበዋል። ያንን አረፋ በዓይናቸው ያውቁታል። እውነትም ሆሎቱሪን ሳፖኒን ነው፤ በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለውም ሳፖኒን ነው። የሞለኪዩሎቹ አጥንት ዝርዝሩ ቢለያይም ሁለቱም ትራይተርፒን በሚባል መዋቅር ላይ ስኳር የተቀጠለባቸው ናቸው፤ አንዱ ጫፍ ውኃ ይወድዳል፣ ሌላው ቅባት፤ ስለዚህ እንደ ሳሙና ያረፋሉ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን እዚህ ያለ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለመግደል የታሰበው በዚሁ ጠባዩ ነው። ዓሣንም ይገድላል። (በነገራችን ላይ በአገራችን ዓሣ ለማደንዘዝ ይውል የነበረው ብርብራ ሥራው ተመሳሳይ ቢመስልም መርዙ ሌላ ነው፤ ሮቴኖን ይባላል። ፈተና ላይ የሚቀላቅሉ አሉ።) ሳፖኒን በሕዋስ ሽፋን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ይጣመርና ሽፋኑን ይበሳዋል። የዓሣ ስንጥብ ደግሞ ደምን ከውኃ የሚለየው እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን ነው። የመርዙ ባለቤት ራሱን የማይገድለው በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ኮሌስትሮልን በሌላ ዓይነት ስቴሮል ስለተካው ነው።

በባሕር ውስጥ ይህ መከላከያ ልከኛ ነው። መርዙ ይበተናል፤ ዓሣው ይሸሻል፤ የባሕር ፖሙም የተፋውን አካል በጊዜ መልሶ ያበቅላል። በ120 ሊትር ውስጥ ግን መሸሻ የለም፤ ፓምፑም ያንኑ ውኃ መልሶ መላልሶ በዓሣው ስንጥብ ውስጥ ያሳልፈዋል። አንዳንድ ገንዳ ያዦች «ፓምፑን በደንብ መሸፈን ነው» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ዓሦቹን ያድን ነበር። የባሕር ፖሙን ግን በሰባተኛው ሳይሆን በዘጠነኛው ወር እንዲሞት ያደርገው ነበር እንጂ አያድነውም። አደገኛነቱን ሁሉም ይጽፋል፣ ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ረኃቡ ግን ድምፅ የለውምና የሚያወራለት የለም። ለእኔ ክፉው ሌሊት ያ ቅዳሜ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት መቶ ያህል ጸጥተኛ ሌሊቶች ናቸው።

እንስሳውን ንጹሕ የጨው ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አኖርሁት፤ በገንዳው ውስጥም መርዝ የሚመጥጥ የማጣሪያ ከሰል ጨመርሁ፤ ውኃውንም በሁለት ቀን ውስጥ አብዛኛውን ለወጥሁ። ኮራሉ ተረፈ። የባሕር ፖሙ የተፋውን መልሶ ለማብቀል የሚሆን ስንቅ በአካሉ ውስጥ አልነበረውም፤ በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። እቴቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ እንስሳው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁኝ። «ምን ይበላ ነበር?» አሉኝ። የጠርሙሱን ስም ነገርኋቸው። «እሱስ አለ፤ ይበላው ነበር ወይ ነው የምልህ» አሉኝ።

ሰባቱን ፎቶግራፎች ዛሬ ይዣቸው መጥቻለሁ። በየዓመቱ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ማስመሪያውን ሸፍኜ አሳያቸውና እንስሳው መራብ የጀመረው በየትኛው ወር ነው እላቸዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛውን ወይም ስድስተኛውን ይመርጣሉ። ማስመሪያው ሲገለጥ መቀነሱ በሁለተኛው ፎቶ ላይ ነው የሚጀምረው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ አኖራቸዋለሁ፤ ከጥያቄዎቻችሁ በኋላ ቀርባችሁ ልታዩአቸው ትችላላችሁ።