ሎሚውን ማን ቆጠረው?

(ገበዝ ማርያም ላይ ለእድር፣ ለውኃ ኮሚቴና ለበጎ ፈቃድ ማኅበራት ተወካዮች በተዘጋጀ የሁለት ቀን ስልጠና የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)



ከቡሬ፣ ከሽንዲ፣ ከማንኩሳ፣ ከጅጋ፣ ከደምበጫና ከፍኖተ ሰላም ተነሥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ጎህ ሳይቀድ በእግራችሁ ወጥታችሁ እዚህ ስለ ደረሳችሁ እግዜር ይስጥልኝ። በቆሎው ተሰብስቦ ሳያልቅ ሁለት ቀን ከሥራ ማውጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሬን አላንዛዛም።

እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ተናጋሪው ይነሣና ጉሮሮውን ጠርጎ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላል። እኛም እናጨበጭባለን። ምሳሌው እውነት ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዓመት «ሎሚውን ማን ቆጠረው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልገጠመኝም። ሃምሳ ሆኖ የተነሣው ሃምሳ ሆኖ መድረሱን ማን አየ? አርባ ዘጠኝ ሆኖ ቢገኝ ማን ይጠየቃል? ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ከራሴ ልጀምር። በወጣትነቴ፣ አስተማሪ ሳለሁ፣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ ነው እንጂ ጥንቃቄዬ ታይቶ አልነበረም። አንድ የገበያ ቀን ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን መንገድ ላይ አገኘችኝና የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ የሦስት ወር መዋጮዋን ሰጠችኝ። «ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ» ብዬ ኪሴ ከተትሁት። ገንዘቡን ለገንዘብ ያዡ አስረከብሁ፤ ስሟን ግን ሳልጽፍ ቀረሁ። በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ያልከፈሉ ሰዎች ስም ሲነበብ የሷም ተነበበ። አንባቢው እኔው ነበርሁ። ብድግ ብላ ቆመች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ብሩስ ግድ የለም፤ ስሜን አቅኑልኝ» አለች።

ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ስሟም ተቃና። ከዚያ ወዲያ ግን በሰው ፊት፣ ደብተሩ ተከፍቶ ካላየች በቀር ቋጠሮዋን አትፈታም ነበር። ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው የእድራችንን ዋና ደንብ ያወጣችው እሷ ናት።

ወገኖቼ፣ የተሰበሰብንበት ቦታ ገበዝ ማርያም ይባላል። ገበዝ የሚለውን ቃል ቤተ ክርስቲያን የሚመላለስ ሁሉ ያውቀዋል። ቄሰ ገበዝ ማለት የደብሩን ቁልፍ የሚይዝ፣ ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቅ ሰው ነው። መስቀሉ፣ ጽናጽሉ፣ መጎናጸፊያው፣ ጧፍና ዕጣኑ በእጁ ነው። አንዱም ግን የእሱ አይደለም። ቢጎድል ተጠያቂው እሱ ነው፤ ቢተርፍ የደብሩ ነው። ሲሾም ቆጥሮ ይረከባል፣ ሲወርድ ቆጥሮ ያስረክባል። በጎ ፈቃድ ሲባል ቶሎ የሚታየን የሚሰጥ እጅ ነው። የሚሰጥ እጅ በዚህ አገር ቸግሮን አያውቅም። የሚቸግረን ገበዝ ነው።

እስቲ ያለንን እንይ። ደቦ አለን። የማሳው ባለቤት ይጠራል፣ ጠላና እንጀራ ያሰናዳል፣ ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ባለቤቱ የአልጋ ቁራኛ ቢሆን ወይም ቢሞት፣ ማሳው ጦም እንዳያድር ሳይጠራም ይወጣለታል። ወንፈል አለን። ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ማንም ወረቀት ላይ አያሰፍረውም፤ የሰው ቀን ያለበት ግን ዕዳውን ያውቃል። ማኅበሩና ሰንበቴውም ጽዋውን ይዘው በየተራ ይዞራሉ።

እድርም አለ። እድር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በከተማ፣ በተለይ በአዲስ አበባ፣ ከየአገሩ የተሰደደው ሰው የሚቀብረው ዘመድ እንዳያጣ ብሎ ያቆመው ነው። ቀስ በቀስ ወደ ገጠሩ ገባ፤ ዛሬ የሌለበት ሰፈር ብዙም የለም። ለቅሶ ቤት ያለውን ሥርዓት ልብ በሉ። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ብርጭቆው ተቆጥሮ ይወጣል፤ ሐዘኑ ሲያበቃ ተቆጥሮ ይገባል። አንድ ብርጭቆ ከጎደለ ይተካል። ሰው እያለቀሰ ብርጭቆ ይቆጠራል! ይህን ንፉግነት የሚለው ካለ እድርን አያውቀውም። ለሚቀጥለው ሐዘንተኛ ብርጭቆ የሚገኘው ዛሬ ስለተቆጠረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚከብድ ነገር ልናገር። በጎ ፈቃድ ያልነው ሁሉ ፈቃድ አልነበረበትም። ከ2003 ዓ.ም ወዲህ በክልላችን በየዓመቱ ጥር ላይ ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። አካፋና ዶማ ይዞ እርከን ይሠራል፣ ውኃ መያዣ ይቆፍራል። ተራቁተው የነበሩ ጋራዎች ሣር አብቅለው፣ ደርቀው የነበሩ ምንጮች ሲመለሱ አይተናል። ይህን የካደ ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን ያልወጣውን ቀጥተን፣ የወጣውን «በጎ ፈቃደኛ» ብለን የመዘገብንበት ጊዜም አለ። ፈቃድ ካለ እምቢታም መኖር አለበት። ስሙ ተጠርቶ በግድ የወጣ ሰው እርከኑን ከብት ሲረግጠው አይቶ ያልፋል። የእኔ ነው ያለው ግን ሮጦ ከብቱን ይመልሳል። ልዩነቱ የሚታየው በሥራው ቀን አይደለም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ታዲያ ድጋፍ እንዴት ይሰጥ? እዚሁ ክልላችን ውስጥ የተገኘ ትምህርት አለን። የፊንላንድ መንግሥት ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ የአማራን ገጠር የመጠጥ ውኃ ሥራ ሲደግፍ ኖሯል። እንደተለመደው ገንዘቡም ግዥውም በመሥሪያ ቤት በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የተለየ መንገድ ተሞከረ፦ የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሁላችሁም አብቁተ በምትሉት፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ በሆነው በኩል፣ መንደሩ ራሱ ለመረጠው የውኃ ኮሚቴ ይሰጥ ተባለ። ኮሚቴው ሲሚንቶውን ይገዛል፣ ግንበኛውን ይቀጥራል፣ ወጪውን ያወራርዳል። ነዋሪው ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ጉልበት ያወጣል፣ ለጥገናም ገንዘብ ያስቀምጣል። ባለሙያው ያሠለጥናል፣ ጥራቱን ያያል፤ ሣጥኑን ግን አይነካም።

«ገበሬ የመንግሥት ብር በእጁ ቢገባ ይበላዋል» ያሉ አልጠፉም። የሆነው ሌላ ነው። ግንባታው ከቀድሞው ይልቅ ፈጠነ። አሠራሩም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻገረ። ለምን ሠራ? እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ የሚጠየቀው ኦዲተር በመጣ ቀን ነው። የውኃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ግን ጠዋት ምንጭ ስትወርድ፣ ገበያ ስትወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ሁሉ ትጠየቃለች። እንስራ ያዘለች ጎረቤት ያለችበት ቦታ ሁሉ ኦዲት ነው።

ሌላም ላንሣ። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ፣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲሄድ የኖረ ሰው እግሩ ያብጥበታል። ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ እኛ ዝሆኔ እንለዋለን። እርግማን ነው፣ በዘር ይጋባል እየተባለ ስንቱ ከሠርግና ከማኅበር ቀርቷል፣ ስንቷ ሳታገባ ቀርታለች። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚያመጣው አፈሩ ነው። መፍትሔውም የጓዳ ዕቃ ነው፦ ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና ጫማ። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም ጎረቤታችን ምሥራቅ ጎጃም ላይ 700 የሚጠጉ ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ተደርጎ፣ በዚህ እንክብካቤ እግርን እያቃጠለ ትኩሳት የሚያስነሣው ሕመም እንደሚቀንስ ታይቷል። ሕሙማኑን እግር አስተጣጠብ ያስተማሩት ደግሞ ከዚያው ከኅብረተሰቡ ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ።

እግር ማጠብ የሚያምር ምግባር ነው፤ በጸሎተ ሐሙስ ሁላችንም እናየዋለን። ዝሆኔ የያዘው እግር ግን የሚታጠበው በዓመት አንድ ቀን አይደለም፤ በየቀኑ ነው። ስለዚህ የእናንተ ጥያቄ «ማን ያጥባል?» ብቻ አይደለም። «የሚቀጥለውን ወር ሳሙና ማን ይገዛል? በየትኛው መዝገብ? ፕሮጀክቱ ሲያልቅስ?» ነው። እንደ እኔ ያለ እድርተኛ ከቀብር ገንዘቡ ጥቂቷን ለሳሙና ቢያውል ደንቡ ይፈቅድለታል? ካልፈቀደ ማን ያሻሽለዋል? በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ2003 ዓ.ም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር። መዋጮ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። እዚያም ከባዱ ጥያቄ «ድሃው ማን ነው?» የሚለው ነው። ያን የሚያውቀው ጎረቤት ነው፤ ማን በልቶ እንዳደረ፣ የማን ጭስ እንዳልወጣ ጎረቤት ያውቃል። ዘመዱን አስቀድሞ የሚጽፈውም ግን ጎረቤት ነው። ስለዚህ የተመረጡት ድሆች ስም በአደባባይ ይነበብ፤ ቅር ያለው እዚያው ይናገር።

አሁን ደግሞ ለመርዳት ለመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ውጭ አገር ሆነው ለሚልኩልን ልጆቻችንም ጭምር፣ በወዳጅነት አንድ ሁለት ነገር ልበል። ፕሮጀክት በመጣ ቁጥር አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙብን። አንዱ ሰው የአምስት ኮሚቴ አባል ሆኖ ማረሻውን ሰቅሏል። እድሩ አለ፤ እሱን ጠይቁ። ታፔላው ከምንጩ ቀድሞ አይተከል። በነጻ ሲያገለግል ለኖረ ሰው አንድ ጊዜ አበል ከፍላችሁ ስትሄዱ፣ በነጋታው በነጻ ለመውጣት ሞኝ የሆነ ይመስለዋል። የመንገዱንና የምሳውን ወጪ ቻሉለት፤ ፈቃዱን ግን አትግዙት። ሪፖርቱንም በማናነበው ቋንቋ ብቻ አትጻፉት። ባለገንዘቡ ያልገባው ሒሳብ ሒሳብ አይባልም።

ሕጉም ቢሆን ቁጥር ይወዳል። የ2001 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 621 ብዙ ማኅበራትን አጥብቦ ይዞ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም የወጣው ቁጥር 1113 አስፍቶላቸዋል። ያም ሆኖ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ይደነግጋል። እድርና ዕቁብ ግን በዚህ አዋጅ አይገዙም። በዚህ አዋጅ ከላይ የሚቆጣጠረን ባለሥልጣን የለም ማለት ነው። ደስ ይበላችሁ፤ ደግሞም ፍሩ። የእድር ተቆጣጣሪ አባሉ ራሱ ነው። አባሉ ዝም ካለ ማንም የለም።

ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ ቀድሞ የደረሰልን ማን እንደ ነበር ለእናንተ አልነግርም። ተፈናቅሎ የመጣውን ያስጠለለው ደጃፉን የከፈተው ጎረቤት ነው። ሩቅ ያለ ድርጅት መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ይጠብቅ ዘንድም ግድ ነው። ቅርብ ያለው ማኅበር ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ያወጣል። ያን ቀን ሣጥኑ ባዶ እንዳይሆን ነው የዛሬው ድካማችን።

በሁለቱ ቀናት ሦስት ነገር እንሠራለን። አንደኛ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ ተብላችኋል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተለዋውጦ ያነብባል። እያንዳንዱ የሌላውን ጉድለት ሳይሆን ብልሃት ይፈልግ። ሁለተኛ፣ የርክክብ ደንብ እንጽፋለን፤ ሊቀመንበር ሲወርድ ምን፣ በስንት ምስክር ፊት እንደሚያስረክብ። በየአገሩ ያሉ የቁጠባ ቡድኖች ሣጥናቸውን በሦስት ቁልፍ ይዘጉታል፤ ሦስቱም ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ነው። ከሦስቱ ቢያንስ አንደኛዋ ሴት ትሁን ስል ለወግ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ጎረቤታችንና ስለ ውኃ ኮሚቴዋ ገንዘብ ያዥ ሳወራ ምክንያቴን ነግሬያችኋለሁ። ሦስተኛ፣ የማይሆነንን እርዳታ በጨዋ ደንብ «ይቅርብን» ማለትን እንለማመዳለን።

ልጨርስ። ያቺ ጎረቤታችን ዛሬ በሕይወት የለችም። ያረፈች ዕለት ማታ፣ የድንኳኑ ካስማ ሲመታ፣ አዲሱ ጸሐፊ ደብተሩን ፋኖስ ሥር ገልጦ በስሟ ትይዩ ጣቱን ከወር ወር አስኬደው። አንድም ባዶ ቦታ አልነበረም። ልጆቿን ማንም ምንም አልጠየቃቸውም።

ስልጠናው መከፈቱን በደስታ አበሥራለሁ። በሉ፣ እናንተም ደብተሮቻችሁን ክፈቱ።