«አይዟችሁ፣ አይናከስም»

(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም.)



የሂሳብ ክፍሉ ተራ ሲደርስ ቁጥር ሊያነቡልን ነው ብላችሁ እንቅልፍ እንቅልፍ ያላችሁ ካላችሁ ተረጋጉ። የዓመቱ ሂሳብ ተባዝቶ በእጃችሁ ገብቷል። እኛ ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ መስመር ብቻ ነው። ገጽ 4ን ግለጡት። «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚለው ሥር «ለሕክምናና ለትራንስፖርት፣ ከውሻ ንክሻ ጋር በተያያዘ» ይላል። ባለፈው ሳምንት ይህን መስመር ያዩ ሦስት አባላትና አንድ ደጋፊ ጠይቀውናል። ደረሰኙ ሁሉ ተሟልቷል፣ ማየት የሚፈልግ ፋይሉን ይጠይቅ። ነገሩ ግን በደረሰኝ ብቻ ስለማያልቅ በቃል ልንነግራችሁ ወደድን።

ቦቢን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምጣዶቻችንና የጤፍ ጆንያዎቻችን በአንድ ሌሊት ከተሰረቁ በኋላ ቡችላ ሆኖ ያመጣነው ነው። እኛ ከእንጦጦ ሥር ለምንኖር ሰዎች ውሻ ጌጥ አይደለም። ሌሊት ጅብ ይወርዳል፣ ሌባም ይመጣል። ስለዚህ ቦቢ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ከመጣ ወዲህ አንድ ምጣድ አልጠፋም። ይህን መጀመሪያ የምንናገረው «ለምን ውሻ ታኖራላችሁ?» ብለው ለጠየቁን ደጋፊያችን መልስ እንዲሆን ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ ከዚያም በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ምን እንደሆንን ታስታውሳላችሁ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እንጀራ የምናስረክባቸው ምግብ ቤቶች ግማሾቹ ዘጉ፣ ግማሾቹም ትእዛዛቸውን ቀነሱ። አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚነግዱት አባሎቻችን ገና ሳይነጋ፣ አስር ተኩል ላይ፣ በጨለማ አዲስ መንገድ መልመድ ነበረባቸው። በዚያ መንገድ ላይ የመጀመሪያዎቹን አቤቱታዎች የሰማነው ስለ ውሻ ነው። በየምግብ ቤቱና በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ ትርፍራፊ ይለምዱ የነበሩ ውሾች ረሃብ ገብቶባቸው በመንጋ ይዞሩ ነበር። የሰው ውሻም አለ፤ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ «ትንሽ ይናፈስ» ብሎ የሚለቀው።

አንዲት አባላችን ያለችን አይረሳንም። «ኮሮናን የምፈራው ቀን ነው፤ አስር ተኩል ላይ የምፈራው ውሻን ነው። ውሻ ሲመጣ ደግሞ ከማላውቀው ሰው ጋር እጣበቃለሁ።»

ነገሩ ይኸው ነው። ያኔ ግን በሚገባ አላሰብንበትም። «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» እየተባለ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ሲነገር እኛም ደጃፋችን ላይ በትልቁ ጽፈን ለጥፈን ነበር። ውሻ ሲመጣ ሰው የሚያደርገውን አስቡት። ልጁን ያነሳል፣ ከጎኑ ያለውን ሰው ክንድ ይይዛል፣ ከወፍራም ሰው ጀርባ ይደበቃል። ባለቤቱም ውሻውን ለመያዝ እየሮጠ አጠገባችሁ ደርሶ፣ ጭምብሉ አገጩ ላይ ሆኖ፣ ፊታችሁ ላይ «አይዟችሁ፣ አይናከስም!» እያለ ይጮሃል። ላይናከስ ይችላል። እሱ ግን ምን እንደተነፈሰብን ማን ያውቃል? ውሻ ራሱ ኮሮናን ወደ ሰው በማስተላለፍ ይህ ነው የሚባል ድርሻ እንደሌለው ባለሙያዎች ነግረውናል፤ በዚያ ሰበብ ውሻቸውን ያባረሩ ሰዎች ተሳስተዋል። የውሻው ጥፋት ተራርቀን የቆምነውን ሰዎች ማቀራረቡ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት፣ በማዕድ ማጋራቱ ጊዜ፣ ደጋፊዎቻችን በላኩት ገንዘብ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ገዝተን ሥራ ለቆመባቸው አባላት አከፋፈልን። ከወረዳው ጋር ተነጋግረን ሰዉን በየሰዓቱ ከፋፍለን ጠራነው። መሬቱን በኖራ አከበብነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ክብ፣ በክቦቹ መሀል ሁለት እርምጃ። በሩ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲና ሳሙና አስቀመጥን። የስም ዝርዝሩን እኛ የሂሳብ ክፍሎቹ ይዘን ቆምን። እውነቱን ለመናገር ኮርተን ነበር። ፎቶም አንስተን ለደጋፊዎቻችን ልከናል፤ ፎቶው የተነሳው ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለተኛው የዱቄት መኪና ገባ። ቦቢ የታሰረው በቀጭን ገመድ ነበር፤ ሰንሰለቱ ዝጎ ከተበጠሰ ቆይቷል፣ ዛሬ ነገ ስንል አልገዛንም። አንድ ነገር ልጨምር ቢባል፣ ቦቢ በዚያ ሰሞን ባሕርዩ ተለውጦ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጭንቅላቱን እያሻሸን የምንገባው ሰዎች ጭምብል ስናደርግ አላወቀንም፣ ጮኸብን። ስቀን አለፍነው እንጂ ጭምብል ያደረገ የማያውቀው ሰው ብዙ ሆኖ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አልጠየቅንም።

ገመዱ ተበጠሰ። መጀመሪያ የሮጠው ወደ መኪናው ነው፣ ሾፌሩ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረ። በግቢው ውስጥ 38 ሰዎች ነበሩ። ያ ሁሉ የኖራ ክብ ባንድ አፍታ ባዶ ሆነ፤ 38ቱም ሰዎች በመጋዘኑ ግድግዳና በበሩ መሀል ባለችው ጥግ ተጠቅጥቀው ቆሙ። ጭምብል ወደቀ፣ ነጠላ ተረገጠ፣ እናቶች ተጯጯሁ። እኛስ ምን አደረግን? ወረቀታችንን ይዘን «አይዟችሁ፣ አይናከስም! እናውቀዋለን!» እያልን ጮህን።

አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከጥጉ ወጥቶ ወደ ውጭ ሮጠ። ሮጦ ውሻን ያመለጠ ማን አለ? ቦቢ ተከትሎ ባቱን ነከሰው። ጥበቃችን ደርሰው እስኪይዙት ድረስ አለቀቀውም።

ከዚህ በኋላ የሆነው በጎ ነገር የአንዲት አባላችን ነው። ቀድሞ ጤና ኤክስቴንሽን ላይ ሠርታለች፣ ስሟን እንዳንጠራ ጠይቃናለች። ሰዉ «ቡና ነስንሱበት»፣ «እሰሩት» ሲል እሷ ልጁን አንስታ የእጅ መታጠቢያው ባልዲ ሥር አስቀመጠችው። በሚፈስ ውሃና በሳሙና አስራ አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ ሰዓት እያየች አጠበችው። አስራ አምስት ደቂቃ ልጅ ሲያለቅስ ረጅም ነው። ለኮሮና ብለን ያስቀመጥነው ውሃና ሳሙና ባይኖር ኖሮ ይህም አይደረግም ነበር። የውሻ ንክሻ ላይ ቡናም ሆነ ቅቤ አይደረግም፤ ታጥቦ ወዲያው ወደ ሕክምና ነው።

ጤና ተቋሙ ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሻው ተከትቧል ወይ?» የሚል ነበር። ካርዱን አምጡ ተባልን። ቢሮ ተመልሰን ፈለግን። የተገኘው ካርድ የ2010 ነው። የውሻ ክትባት ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ ነው።

እዚህ ላይ ነው ማፈር የጀመርነው። በ2011 መጨረሻ የ2012ን በጀት ስናዘጋጅ ወጪ ቀንሱ ተብለን ነበር። በ«ጥበቃ» ርዕስ ሥር የጥበቃው ደመወዝ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የውሻ ቀለብ፣ ሰንሰለትና የውሻ ክትባት ነበሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን «ሊዘገይ የሚችል» ብለን በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝነው እኛ ነን። የተቆጠበው ገንዘብ አንድ ኪሎ ቅቤ አይገዛም። ወረቀቱ አለ፣ ፊርማችንም አለበት። ጥፋቱን በጥበቃው ላይ ለማላከክ የሞከሩ ሰዎች ስላሉ ይህን ደጋግመን እንናገራለን፤ ጋሼ ሰንሰለት እንዲገዛላቸው ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀዋል።

ያ ልጅ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ በቀጠሮ መወጋት ነበረበት። ትላልቆቻችን «ፓስተር» ስንል በሆድ ላይ፣ በተከታታይ ቀናት ይሰጥ የነበረውን መርፌ ያስታውሳሉ። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የሌለው ያህል ነው፤ ምልክቱ ደግሞ ለመታየት ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ «ልጄ ደህና ነው እኮ» ብሎ ማቋረጥ አይቻልም። እናቱ ግን ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ልታቋርጥ ነበር። እውነቷን ነው፤ ጤና ተቋም መሄድ በራሱ ያስፈራ ነበር። ታክሲ ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ታዞ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ነበር። እሷ ደግሞ ገቢዋ ቆሟል። ከማህበራዊ ፈንዳችን ትራንስፖርቷን ሸፈንን፣ በየቀጠሮውም አንዳችን አብረን ሄድን። በገጽ 4 ላይ ያያችሁት ወጪ ይህ ነው። ከደጋፊዎቻችን የዱቄት ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልተነካም።

አንድ የሕግ ባለሙያ ደጋፊያችን እንዳስረዱን፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ በድንገት ከቁጥጥሩ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ጭምር። «ገመዱ ተበጠሰ» ማለት አያድንም። እናቲቱ ሳትጠይቀን ነው የከፈልነው። ይህን ለምስጋና አንናገረውም፤ ዕዳችን ነበር።

ቦቢ ለአስር ቀን ታስሮ ተጠበቀ፤ የነከሰ ውሻ አይገደልም፣ አይባረርም፣ ይታያል። በአስር ቀኑም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ልጁም ባለሙያዎቹ ያዘዙለትን ጨረሰ፤ ዛሬ ደህና ነው፣ ግን ከውሻ ጋር ታርቋል አንልም። እነዚያን በጥጉ የተጠቀጠቁትን 38 ሰዎች ደግሞ ዝርዝሩን ይዘን ለአስራ አራት ቀን በየቀኑ ስልክ ደወልን። «አሞሻል? አስሎሻል?» እያልን። እማማ የምንላቸው አንዲት አዛውንት በአምስተኛው ቀን ሲያስላቸው ሁለታችንም ሌሊቱን አልተኛንም። ጉንፋን ሆኖ አለፈ። ከ38ቱ አንድም ሰው አልታመመም፤ ይህ ግን ዕድል እንጂ የእኛ ጥንቃቄ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ያደረግነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። ቦቢ ተከትቧል፣ ካርዱ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወፍራም ሰንሰለት ተገዝቷል። ሰው በሚበዛበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ከጀርባ ባለው ግቢ ይዘጋበታል። ከግቢ ሲወጣ በአጭር ገመድ፣ በአንድ አዋቂ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ለልጅ አይሰጥም። ሰው ከመጣ መንገድ የሚለቀው ውሻውን የያዘው ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር በሰፈራችን ገና አልተለመደም። እኛ አገር ውሻ ሲመጣ ወደ ቦይ የሚገባው እግረኛው ነው።

ሳይነጋ ለምትወጡ አባሎቻችን ደግሞ አንድ ቃል። የመንገድ ውሻ ድንጋይ ልታነሱ ጎንበስ ስትሉ ይሸሻል፤ ይህን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። በደጁ የቆመ የሰው ውሻ ግን ጎንበስ ሲሉት ይብሰዋል። አትሩጡ፣ ዓይኑን አትዩት፤ ዘንቢላችሁን በመሀል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ በጎን ሂዱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ስትወጡም ከጭምብላችሁ ጋር፣ እርምጃችሁን ጠብቃችሁ ነው። ውሻውን የለቀቀው ጎረቤት ካለ ስሙን ሳይሆን የቤቱን አቅጣጫ ንገሩን፤ ሁለት ሴቶች ሆነን ሄደን እናነጋግራለን። እስካሁን አራት ቤት ሄደናል። ሦስቱ በደንብ ተቀበሉን፣ ቡናም ቀረበልን። አራተኛው በሩ ላይ ቆመው ምን እንዳሉን ትገምታላችሁ፤ «አይዟችሁ፣ አይናከስም» አሉን። የራሳችንን ታሪክ ነገርናቸው። በሳምንቱ ገመድ ገዙ።

አሁን ወደ አጀንዳው። በቀረበላችሁ የ2013 በጀት ገጽ 7 ላይ፣ በ«ጥበቃ» ሥር፣ የውሻ ክትባትና የሰንሰለት መተኪያ በየዓመቱ የማይሰረዝ ቋሚ ወጪ እንዲሆን ጠይቀናል። በቤታቸው ውሻ ላላቸው 11 አባላትም ክትባቱን በጋራ ለማስከተብ ከማህበራዊ ፈንዱ ግማሹን እንድንሸፍን ሐሳብ አቅርበናል። የልጁ እናት እዚያ ከኋላ ረድፍ ተቀምጣለች፤ በዚህ ጉዳይ ለመናገር የመጀመሪያውን ዕድል እንድትሰጧት እንጠይቃለን፤ ከዚያ ድምፅ እንስጥበት።