ፈተናው በየትኛው ቋንቋ ተሰጠ? የአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ግምገማ በአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት

ለምክር ቤት አባላት ረዳቶችና ለመብት ተሟጋቾች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አንድ ልጅ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ያስፈልገው እንደሆነ የሚወሰነው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጥቂት ሰዎችና በጥቂት ወረቀቶች ነው። ወላጅ ለግምገማው ከፈቀደበት ቀን አንሥቶ የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ሲሆን፣ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን የጊዜ ገደብ ሊያወጡ ይችላሉ። በዚያ ጊዜ የተጻፈው ሪፖርት ግን ልጁን ለዓመታት ይከተለዋል፤ የሚቀጥለው ግምገማ እስከ ሦስት ዓመት ሊቆይ ይችላልና። ስለዚህ ውጤቱ ከመነበቡ በፊት ልጁ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተጠየቀ መታወቅ አለበት።

ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ የዘጠኝ ሜክሲኮ አሜሪካውያን ተማሪዎች ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ በተሰጣቸው የአእምሮ ችሎታ ፈተና ምክንያት የአእምሮ ዘገምተኞች ተብለው በተለየ ክፍል ተመድበው ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ በስፓኒሽ ደግሞ ሲፈትናቸው፣ የአብዛኞቹ ውጤት እዚያ ክፍል የሚያስገባቸው እንዳልነበረ ታየ። ዳያና በመባል የሚታወቀው ይህ ክስ በስምምነት ተቋጨ። ከአምስት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ፎርድ በፈረሙት ሕግ ውስጥ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው እንዲፈተኑ የሚያዝ ድንጋጌ ገባ።

ዛሬ አይዲኢኤ በሚል ምኅጻር የሚጠራው ይኸው ሕግ፣ ግምገማው በልጁ ቋንቋ፣ የሚያውቀውንና የሚችለውን በትክክል በሚያሳይ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። የልጁ ችግር ዋና መንሥኤ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስ ወይም ተገቢ የንባብና የሒሳብ ትምህርት አለማግኘት ከሆነ፣ አካል ጉዳተኛ ተብሎ እንዳይመደብም ይከለክላል። ከመጀመሪያው ድንጋጌ ጎን ግን «በግልጽ የማይቻል ካልሆነ በቀር» የምትል ሐረግ ተቀምጣለች። ሐረጓ የተጻፈችው ለብርቱ ችግር ጊዜ ነው። እንደ አማርኛ ባለ ቋንቋ ላይ ስትደርስ ግን የተለመደች መውጫ በር የመሆን አደጋ አላት። በሰፊው የሚሠራባቸው መለኪያዎች የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ፣ ከፊሎቹም በስፓኒሽ ነው። አማርኛ የሚችል የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም። የፌዴራሉም ደንብ በዚያ አንቀጽ ላይ «አልተቻለም» ያለ ትምህርት ቤት ማንን እንደ ጠየቀና ምን እንደ ሞከረ ይጻፍ አይልም።

አስተርጓሚ ከገምጋሚው ጎን ማስቀመጥ ግማሽ መፍትሔ ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች አማካይ የሚለካ ጥያቄ እዚያው በቃል ሲተረጐም፣ ቀላሉ ቃል ሊከብድ፣ ከባዱም ሊቀል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰላው ነጥብ የመጀመሪያ ትርጉሙን ያጣል። ታላቅ እኅትን ወይም ወንድምን ማስተርጐም ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ የቤተሰቡን ገመና በልጅ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ለምሳሌ ይታሰብ። ትራስን፣ ጉልበትንና ማንኪያን የሚያውቃቸው በአማርኛ ነው፤ ሦስት ማዕዘንንና ማስመሪያን ደግሞ በእንግሊዝኛ። በአንዱ ቋንቋ ብቻ ሥዕል እያሳዩ ስም ቢጠይቁት የቃላት ሀብቱ በግማሽ ተቆጥሮ ይቀራል። አማርኛ በእንግሊዝኛው ሲስ ወይም ዚስ ፊት ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣ ድምፅ ስለሌለው ልጁ ድምፁን ወደ ስ፣ ወደ ዝ ወይም ወደ ድ ቢያደርሰው የንግግር እክል አይባልም። ግሡን ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ቢገፋውም የቤቱን ሰዋስው መከተሉ ነው። ፊደል የቆጠረ ልጅ ከሆነ ደግሞ ገምጋሚው በእጁ ጥሩ ማስረጃ አለው። ልጁ ፊደልን በሚገባ ተምሮ አቀላጥፎ የሚያነብ ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ ንባብ መቸገሩ ከቋንቋው አዲስነት ሊመጣ ይችላል፤ በሁለቱም የሚደናቀፍ ከሆነ ግን የንባብ እክል ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል። እውነተኛ የቋንቋ ወይም የመማር እክል ልጁ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታያልና። ለዚህ ማስረጃ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ አፉን የፈታው መቼ ነው? ከታናናሾቹ ጋር ሲወዳደር እንዴት ይናገራል? ተረት ቢነገረው መልሶ ያወራዋል? እነዚህን ጥያቄዎች እናትን በቋንቋዋ መጠየቅ ይበቃል።

ስሕተቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። በታላላቆች ፊት ዐይኑን ሰበር የሚያደርግና ሲጠየቅ ባጭሩ የሚመልስ ልጅ፣ በቤቱ ጨዋ የተባለበት ጠባይ በገምጋሚው ቅጽ ላይ የኦቲዝም ምልክት ሆኖ ሊሞላ ይችላል። በዚያው መጠን እውነተኛ ምልክት በቤት ውስጥ «ዝምተኛ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» ተብሎ ይታለፋል፤ በትምህርት ቤትም «እንግሊዝኛ እስኪለምድ እንጠብቅ» ይባላል። ይህ ሁለተኛው ጥፋት ድምፅ ስለሌለው ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ጉዳቱ ግን ምናልባት ከመጀመሪያው ይበልጣል። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ባወጣው ማስታወሻ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ የክፍል ውስጥ ድጋፍ ግምገማን ለማዘግየት ወይም ለመከልከል ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አስታውቋል። የማኅበረሰቡ ዝምታም የራሱ ድርሻ አለው። ሟቿ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ የተጋፈጡት ልጅን ከሰው ዐይን የመደበቅ ልማድ ውቅያኖስ ተሻግሮም አልጠፋም።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር መታከል አለበት፤ የሕግ ረቂቅ የሚያዘጋጁ ሰዎች በቀላሉ የሚያልፉት ነገር ነውና። መምህርን አክብሮ ያደገ ወላጅ በስብሰባ ላይ ወረቀት ሲቀርብለት ይፈርማል። ነገር ግን የፌዴራሉ ደንብ «ፈቃድ» የሚለውን ቃል ሲተረጕም፣ ወላጁ ጉዳዩን በሙሉ በገዛ ቋንቋው የተረዳ መሆን አለበት ይላል። እዚህ ትርጓሜ ውስጥ «በግልጽ የማይቻል ካልሆነ በቀር» የምትለው ሐረግ የለችም። ያልገባውን የፈረመ ወላጅ በሕጉ ዐይን አልፈቀደም።

በሜሪላንድ የሚሠራው ሕግ መልካም ጅምር ነው። የወላጁን ቋንቋ የሚናገሩት በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ካሉ ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ ከሆኑ፣ ወላጁ የተጠናቀቀው የግለሰብ ትምህርት ፕሮግራም፣ ማለትም አይ.ኢ.ፒ.፣ በ30 ቀን ውስጥ ተተርጕሞ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። ሆኖም ትርጕሙ የሚመጣው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ከተሰጠ ፈተና የወጣ የተሳሳተ መደምደሚያ በንጹሕ አማርኛ ቢጻፍ ስሕተትነቱ አይለወጥም። ሕጉ ወደ ኋላ ተስቦ ግምገማውን መጨመር ይኖርበታል፦ «አልተቻለም» የሚል ሪፖርት የተፈለገውን ባለሙያ፣ የተጠየቁትን ተቋማትና በምትኩ የተሠራበትን ዘዴ በጽሑፍ ይግለጽ፤ ቅጂውም በወላጁ ቋንቋ ይሰጥ። የልጁም ቋንቋ በትውልድ አገር አይገመት፤ ከኢትዮጵያ በመጣ ቤት የሚነገረው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ክርክር ሲነሣ ማን ያስረዳ? ይህ ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዚያው ከሜሪላንዱ ሞንትጎሜሪ ካውንቲ ነው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሻፈር በዊስት ላይ ባቀረበው ክስ፣ የማስረዳት ሸክም የአቤቱታ አቅራቢው ነው አለ፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ወላጁ ነው። ዳኛ ጊንስበርግ ግን ማስረጃውና ባለሙያው ያሉት በትምህርት ቤቱ እጅ ነው ሲሉ በሐሳብ ተለዩ። ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ በየራሳቸው ሕግ ሸክሙን ወደ ትምህርት ቤቱ አዛውረዋል። ሌሎችም ክፍለ ግዛቶች ኮንግረስን ሳይጠብቁ ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ።

ገንዘብ የለም የሚለው መልስ ከፊል እውነት አለው። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1975 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ድርሻ እንደሚሸፍን ተስፋ ቢሰጥም በቅርብ ዓመታት ከ15 በመቶ በታች እየከፈለ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ደግሞ እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ያደረገ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ወጥቶ፣ ከ2000 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎትን ሲያዝ የነበረውን ትእዛዝ ሽሯል። አንዳንድ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ይህን አስተርጓሚ የመቅጠር ግዴታ ቀረ ብለው ሊተረጕሙት ይችላሉ። ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ግን ኮንግረስ ያወጣውን አይዲኢኤን አይሽርም፤ በግምገማና በስብሰባ ላይ ያለው የቋንቋ ግዴታ እንዳለ ነው።

አዲስ ሕግ እስኪወጣ ድረስም ወላጆች በእጃቸው ያለ መሣሪያ አለ። በትምህርት ቤቱ ግምገማ ያልተስማማ ወላጅ በመንግሥት ወጪ ገለልተኛ ግምገማ ሊጠይቅ ይችላል፤ ምክንያቱንም እንዲያስረዳ አይገደድም። ትምህርት ቤቱ ያለ አላስፈላጊ መዘግየት ወይ ወጪውን ይሸፍናል፣ ወይም ራሱ አቤቱታ አቅርቦ የሠራው ግምገማ ተገቢ እንደ ነበረ በችሎት ያስረዳል። አቤት ባዩ እሱ ስለሆነ ሸክሙም የእሱ ይሆናል። መብቱ የተጻፈው ለወላጆች በሚታደለው ረዥም የመብት መግለጫ ውስጥ ነው። የምክር ቤት አባላት ጽሕፈት ቤቶች ለየአካባቢያቸው የትምህርት ቦርድ በቅድሚያ ሊያቀርቡት የሚገባው ጥያቄ፣ ባለፈው ዓመት ስንት አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ገለልተኛ ግምገማ እንደ ጠየቁና ከእነርሱም ስንቶቹ እንዳገኙ ነው።