የብራና መጻሕፍት በድረ ገጽ ሲደራጁ
የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት መለያ ጉዳይ
(ለማኅበሩ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በመንዝና በግሼ ደጋ፣ በመርሐ ቤቴም አምባዎች የሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍትን ሲያስጽፉና ሲጠብቁ ኖረዋል። ዛሬ አህጉረ ስብከትና አድባራት ድረ ገጽ በሚከፍቱበት ዘመን የእነዚህ መጻሕፍት ምስልና መግለጫ ወደ ኮምፒዩተር መግባቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ የተሰበሰበ ሁሉ የተደራጀ አይደለም። ፈላጊው ያላገኘው ምስል በዕቃ ቤት ከተቆለፈ መጽሐፍ ብዙም አይሻልም። መጽሐፍን ከባለቤቱ ጋር የሚያስተሳስረው መለያው ነውና፣ የመለያ አሰጣጥ የቴክኒክ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የቤተ መጻሕፍት ሰውና የቤተ ክህነት ሊቅ የጋራ ሥራ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የስንክሳሩ ንባብ በወርና በዕለት ተደርድሯል። በጥንታውያን የወንጌል መጻሕፍት መግቢያ ያለው የአውሳብዮስ ቀኖና በቁጥር እየጠቀሰ አንዱን ወንጌላዊ ከሌላው ያገናኛል፤ የማቴዎስ ወንጌል ብቻ በ355 ክፍሎች ተቆጥሯል። የትርጓሜው ጉባኤም ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ ተለይቷል። ስለዚህ ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው የክፍሎቹን ስም ከባዕድ ከመዋስ ይልቅ ከዚህ ሥርዓት ቢጀምር አንባቢው መንገዱን በቀላሉ ያገኛል። በክፍልና በመለያ ቃል መካከል ያለውንም ልዩነት መጠበቅ ያሻል። ክፍል መጽሐፉ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ነው፤ መለያ ቃል ግን ወደ መደርደሪያው የሚያደርስ መንገድ በመሆኑ ብዙ ሊሆን ይችላል።

በሀገራችን ከተከናወኑት የዚህ ዓይነት ሥራዎች ታላቁ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተው፣ ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1993 በታተሙት 10 ቅጾች ከቁጥር 1 እስከ 5000 ያሉት ተገልጸዋል። ይህን ድካም የጀመሩት ዊልያም ማኮምበር ሲሆኑ፣ ወደ ፍጻሜ ያደረሱት የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (1931–2021 እ.ኤ.አ.) ናቸው። ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት የተነሡት መጻሕፍት በዚህ መዝገብ ሰፊ ቦታ አላቸው።

ከዚህ መዝገብ የሚቀሰመው የመጀመሪያው ትምህርት የቦታን ስም ይመለከታል። ሥራው ሲጀመር ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ መንዝና ግሼም አውራጃ ነበር። ዛሬ ያ አከፋፈል ቀርቶ አገሩ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ መንዝ ጌራ ምድር፣ መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድር፣ መንዝ ቀያ ገብርኤልና ግሼ ራቤል በሚባሉ ወረዳዎች ተከፍሏል። አዲሱን ስም ብቻ የሚጽፍ ከቀድሞው መዝገብ ይለያያል፤ አሮጌውን ብቻ የሚጽፍ ደግሞ የዛሬውን ፈላጊ ያጣል። በመሆኑም ሁለቱም ከነዘመናቸው ሊሰፍሩ ይገባል። ሚካኤል ወይም ማርያም የሚባል ደብር በየአጥቢያው ስላለም፣ የታቦቱ ስም ከቀበሌውና ከልዩ ቦታው ስም ጋር ካልተያያዘ መለያ አይሆንም።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። አንባቢ “መርሐ ቤቴ”ንና “መርሃ ቤቴ”ን አንድ አድርጎ ያነባል፤ ኮምፒዩተር ግን ሐንና ሃን ሁለት ፊደል አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ አንድ ጸዳል ያለው ስም ተመርጦ፣ ሌሎቹ አጻጻፎች ወደ እርሱ እንዲመሩ ማድረግ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሃምቡርግ የተጀመረው “ቤተ መጻሕፍት” የተባለው የጥናት ሥራ ለእያንዳንዱ ድርሰት ቋሚ ቁጥር መስጠቱ ለዚህ መልካም አርአያ ነው፤ ስሙ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ቁጥሩ አይለወጥም።

ሦስተኛው፣ አንድ ጥራዝ አንድ ጽሑፍ ብቻ አለመሆኑ ነው። በተአምረ ማርያም ወይም በወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ የርስትና የጉልት ውል፣ የንዋያተ ቅድሳት ቆጠራ፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስምና የሰረቀውን የሚያወግዝ ቃል ይገኛል። “ተአምረ ማርያም” የሚል መለያ ብቻ የተሰጠው ጥራዝ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። የአጥቢያው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእነዚሁ ጭማሪ ጽሑፎች ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መግለጫ ያስፈልጋቸዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። መጽሐፍ ከዕቃ ቤቱ ጠፍቶ በባዕድ አገር ገበያ ላይ ቢታይ፣ የእኛ ነው ለማለት የሚያስችለው የደብሩ ስም፣ የገጹ ምስልና የመዝገቡ ቁጥር ነው። ያው መለያ ግን ከልክ በላይ ሲገለጥ ሌባን ሊመራ ይችላል። ስለሆነም የደብሩ ስምና የመጽሐፉ ይዘት ለሕዝብ ሲገለጥ፣ የማስቀመጫው ልዩ ቦታና የጥበቃው ሁኔታ ለቄሰ ገበዙ፣ ለሰበካ ጉባኤውና ለሀገረ ስብከቱ ብቻ በሚታይ መዝገብ ሊያዝ ይገባል።

መለያውን የሚሰጠው ባለሙያ ከከተማ ሆኖ ቢሠራም ቃሉን ከጠባቂዎቹ ሊጠይቅ ይገባል። መጽሐፉን በዓል በዓል እያወጡ የሚያነቡት ካህናት የሚጠሩበት ስም በመዝገቡ ሳይገባ ቢቀር፣ ደብሩ የራሱን መጽሐፍ በራሱ ድረ ገጽ ፈልጎ ሊያጣው ነው። ማኅበሩም የጋራ የስምና የቦታ መዝገብ በማዘጋጀት አህጉረ ስብከትን ቢረዳ፣ አባቶች በብራና ያቆዩትን ተተኪው ትውልድ በስሙ ጠርቶ እንዲያገኘው ያደርጋል።