የኖታ መጻፊያ ገበታን ስለ ማሰናዳት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሰሞን ለተማሪዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ስሙን ብቻ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ሙዚቃን በኖታ በምንጽፍበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ላይ ያሉት መሣሪያዎች በምን ዓይነት ሥርዓት ሊቀመጡ እንደሚገባ ነው። «ፕሮግራሙ ከሠሪዎቹ እጅ እንደ ወጣ ብንጠቀምበት ምን ይጎድለናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የመሣሪያ አቀማመጥ ማን ሥራውን እንደሚለምደውና ማን ተስፋ ቆርጦ እንደሚተወው የሚወስን ነው እላለሁ። ምክንያቴን በተራ አስረዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ምሳሌ ከቤታችን ልውሰድ። እንጀራ የምትጋግር እናት ማሰሻውን፥ አክንባሎውንና ሰፌዱን ከምጣዱ አጠገብ ታኖራለች። ምጣዱ ከሰማ በኋላ ማሰሻ ፍለጋ ጓዳ ለጓዳ ብትዞር ሥራዋ ይበላሽባታል። ወጥ ለመሥራት ስትነሣ ደግሞ ምጣዱ ገለል ይልና ድስቱ፥ ማማሰያውና የቅመሙ ዕቃ ይቀርባሉ። ወጥ ቤቱ ያው አንድ ነው፤ የዕቃው አቀማመጥ ግን እንደ ሥራው ይለወጣል። ኖታ ለሚጽፍም ሰው ነገሩ እንደዚሁ ነው።

ኖታ በሚጻፍበት ፕሮግራም መካከል አምስት አምስት መስመር የተሰመረበት ገጽ አለ። በዙሪያውም ፓሌት የሚባሉ የምልክት ሣጥኖች ይደረደራሉ። አንዱ ሣጥን የቁልፍ ምልክቶችን፥ ሌላው የምት ቁጥሮችን፥ ሌላው ድምፅን የማጉያና የማለዘቢያ ምልክቶችን፥ ሌላው የመድገሚያ ምልክቶችን ይይዛል። ከእነዚህም በቀር የመሣሪያዎቹ ዝርዝርና የድምፃቸው ልክ የሚስተካከልበት መስኮት አለ። ሁሉም ጠቃሚዎች ናቸው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ዋናው ገጽ ይጠባል፤ የጀማሪውም ዐይን ከብዛታቸው የተነሣ ማረፊያ ያጣል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዜማ በጆሮ የሚያዘው ለጥቂት ጊዜ ነው። የሰማውን ዜማ ሊጽፍ የተቀመጠ ሰው ጥቂት ምቶችን በልቡ ይይዝና እጁ እስኪጽፋቸው ይጠብቃል። እጅ አንድ ምልክት ፍለጋ ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲንከራተት ዜማው ያመልጣል። ስለዚህ ይህ ነገር የጌጥ ጉዳይ አይደለም። የዜማውን መጻፍና መጥፋት የሚነካ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ሙዝስኮር የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ቨርነር ሽዌር የተባለ ጀርመናዊ በ2002 ዓ.ም. ጀመረው፤ አራተኛው ዕትሙም በ2022 ዓ.ም. ወጣ። በዚህ ፕሮግራም ተጠቃሚው የማያስፈልገውን ሣጥን ይደብቃል፥ የሚያስፈልገውን ወደ ላይ ያወጣል፥ ከልዩ ልዩ ሣጥን የለቀማቸውን ምልክቶችም በአንድ አዲስ ሣጥን ያከማቻል። ከዚያም አቀማመጡን በስም ያስቀምጠዋል። ይህን በስም የተቀመጠ አቀማመጥ «የሥራ ገበታ» ልንለው እንችላለን። አንድ ሰው ብዙ ገበታ ሠርቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ገበታው ሲለወጥ የተጻፈው ኖታ ከቶ አይነካም፤ የሚለወጠው የመሣሪያው አቀማመጥ ብቻ ነው።

ገበታ ስናሰናዳ በቁልፍ የሚሠራውንና በሣጥን የሚሠራውን መለየት ይገባናል። በሙዝስኮር ኤን የተባለውን ፊደል ነክተን መጻፍ ከጀመርን በኋላ ቁጥር 5 ሩብ ኖታን፥ 6 ግማሽ ኖታን፥ 7 ሙሉ ኖታን ይሰጠናል። ከኤ እስከ ጂ ያሉት ፊደላትም ድምፆቹን ይጽፋሉ። እንግዲህ ጣት የለመደችው ነገር በገበታው ላይ ሰፊ ቦታ ሊይዝ አያስፈልገውም። በገበታው ላይ ሊቀርብ የሚገባው ዘወትር የምንፈልገው፥ ግን ቁልፉን ያልለመድነው ምልክት ነው።

የሌሎች ፕሮግራሞች ታሪክም ሁለት ነገር ያስተምረናል። ሲቤሊየስን መንትያዎቹ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ቤንና ጆናታን ፊን ሠርተው በ1993 ዓ.ም. አወጡት። በ2011 ዓ.ም. ሰባተኛው ዕትም ሲወጣ የቀድሞው ማውጫ ቀርቶ መሣሪያዎቹ በላይኛው የስክሪን ክፍል በአዲስ ሥርዓት ተደረደሩ። አሮጌውን አቀማመጥ በቃላቸው ያጠኑት ብዙ ጸሐፍያን አጉረመረሙ፤ እጃቸው የሚያውቀው ቦታ ተለውጦባቸው ነበርና። ከዚህ የምንማረው እጅ ራሱ ቦታን የሚያስታውስ መሆኑን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ዶሪኮ ደግሞ ሥራውን በአምስት ክፍል መደበው። አንዱ ለማሰናዳት፥ ሁለተኛው ለመጻፍ፥ ሦስተኛው ገጹን ለማሳመር፥ አራተኛው ለማሰማት፥ አምስተኛው ለማተም ነው። ከዚህም የምንማረው እያንዳንዱ የሥራ ደረጃ የራሱ መሣሪያ እንደሚሻ ነው።

ነገር ግን ሠሪዎቹ ምንም ያህል ቢያስቡ የእኛን ሥራ ከእኛ በላይ ሊያውቁት አይችሉም። የቁልፍ ምልክቱን ሣጥን እንመልከት። በአውሮፓ ሙዚቃ ልማድ 15 ዓይነት ምልክት ይዟል። በትዝታ ቅኝት አንድን ዘፈን ከሲ ጀምረን ብንጽፍ ግን ሲ፥ ዲ፥ ኢ፥ ጂ እና ኤ የተባሉት አምስት ድምፆች ይበቁናል፤ ከ15ቱም ውስጥ የምንፈልገው ባዶውን ብቻ ነው። በአንጻሩ ለአማርኛው ግጥም ብዙ ቦታ እንሻለን። «ሰላም» የሚለው ቃል በጽሑፍ ሦስት ፊደል ሲሆን በዜማ ግን «ሰ» እና «ላም» ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ይህን ከፋፍሎ ከየኖታው ሥር ለማስቀመጥ ገጹ ሰፍቶ፥ ፊደሉም ጎልቶ መታየት አለበት። ስለዚህ ለግጥም የሚሆነው ገበታ ሣጥኖቹ የተሰበሰቡበት፥ ገጹ ግን የሰፋበት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን የሙዚቃ ክፍል ልመለስ። ያሉን ኮምፒዩተሮች ሁለት ናቸው፤ ተጠቃሚዎቹ ግን ብዙዎች ነን። ሁላችንም በአንድ ስም ስለምንገባ አንዱ የደበቀውን ሣጥን ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ እንደ ተደበቀ ያገኘዋል። እኛ ትልልቆቹ የጠፋውን ፈልገን እናወጣለን። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ግን ተራው የሚደርሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ያንን ሰዓት ሣጥን ሲፈልግ ጨርሶት አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፍ ቢወጣ፥ «ይህ ሥራ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ ግን የገበታው እንጂ የልጁ አይደለም። እንዲህ እያደረግን ስንት ዜማ ጸሐፊ እንዳናጣ እሰጋለሁ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ላይ ሦስት የጋራ ገበታዎች ይሰናዱ። የመጀመሪያው «ለጀማሪ» ተብሎ ጥቂት ሣጥኖችን ብቻ ይያዝ። ሁለተኛው «ለመዝሙር ጓድ» ተብሎ ለግጥምና ለአራት ድምፅ አጻጻፍ ይመች። ሦስተኛው «ለነፋስ መሣሪያ» ተብሎ የትንፋሽና የአነፋፍ ምልክቶችን ያቅርብ። እነዚህን ማንም ብቻውን አይለውጣቸው፤ መለወጥ ቢያስፈልግ በክበቡ ስብሰባ ተመክሮበት ይሁን። የራሱን አቀማመጥ የሚወድ ደግሞ በስሙ የተለየ ገበታ ይሥራ። እንዲህ ቢሆን የግል ነጻነትም አይነካም፥ ታናናሾቻችንም አይጉላሉም።

«ልጆች ሁሉን ሣጥን ካላዩ እንዴት ይማራሉ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። የተደበቀው ሣጥን ግን የጠፋ አይደለም፤ ልጁ ሲያድግ ገበታውም አብሮት ያድጋል። ፊደልን የቆጠርነው ከሀ ጀምረን እንጂ መጽሐፉን ሁሉ በአንድ ቀን ገልጠን አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ አክላለሁ። በ1988 ዓ.ም. የወጣውና ከታላላቆቹ የኖታ ፕሮግራሞች አንዱ የነበረው ፊናሌ በነሐሴ 2024 ዓ.ም. ሥራው መቆሙ ተነገረ። ለብዙ ዓመታት በእርሱ ላይ ገበታቸውን ያሰናዱ ሰዎች ወደ ሌላ ፕሮግራም መሻገር ግድ ሆነባቸው። ኖታ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚሻገርበት ሙዚክ ኤክስ ኤም ኤል የሚባል የጋራ አጻጻፍ ስላለ ጽሑፋቸውን ይዘው ሊሄዱ ቻሉ፤ ገበታቸው ግን አብሯቸው አልሄደም። ስለዚህ ዜማዎቻችንን በዚህ የጋራ አጻጻፍ ጭምር እናስቀምጥ። ገበታዎቻችን እንዴት እንደ ተሰናዱም በወረቀት ጽፈን በክፍሉ ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ትምህርት ቤቱን ስንለቅ ወረቀቱ ከተተኪዎቻችን ዘንድ ይቀራል።

 ጉባኤው ይወያይበት ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።