የሐይቁ ሙቀትና የጀበናው መጠነ ሙቀት

አቅራቢ ሀ፦ ሙቀት መጠነ ሙቀቱ ከፍ ካለ አካል ዝቅ ወዳለው የሚተላለፍ ጉልበት ሲሆን፣ መጠነ ሙቀት ግን አካሉ ምን ያህል እንደጋለ የሚያሳይ ልኬት ነው።

አቅራቢ ለ፦ ታዲያ ከፈላ ጀበናና ከሐይቅ ውኃ፣ ብዙ ጉልበት የያዘው የቱ ነው?

አቅራቢ ሀ፦ ሐይቁ ነዋ፤ ጀበናው ቢያቃጥልም የሐይቁ ውኃ ብዛት ያለ ልክ ይልቃል።

አቅራቢ ለ፦ ይሁን፤ ግን ጀበናውም በሐይቁ አቅራቢያ ባለችው በሐይቅ ከተማ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አይደርስም፤ አካባቢው ከባሕር ወለል ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውኃም በ93 እና በ94 ዲግሪ መካከል ይፈላል።

አቅራቢ ሀ፦ ንፍሮ የሚዘገየውም ለዚህ ነው፤ ማገዶ ቢጨመር እንፋሎቱ ይበረታል እንጂ መጠነ ሙቀቱ አይጨምርም፤ ማገዶ ለሚቆጥብ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አቅራቢ ለ፦ የአምባሰል ተራራ ቋጥኝ ግን ቀን ከሐይቁ ውኃ ይበልጥ ይግል የለም?

አቅራቢ ሀ፦ ይግላል፣ ማታም ፈጥኖ ይበርዳል፤ አንድ ኪሎ ግራም ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,186 ጁል ገደማ ሲያስፈልግ፣ ለድንጋይ የዚያ አንድ አምስተኛ ያህል ይበቃል።

አቅራቢ ለ፦ ስለዚህ በሐይቁ ዳር ባለው በእስጢፋኖስ ገዳም ዙሪያ ያለው ውኃ ለብታውን ይዞ ያድራል፤ ላዩ ሲቀዘቅዝም እየከበደ ይሰምጣል፣ ለብ ያለውም በቦታው ይተካል።